ሳጥኑ ላይ ያለው ዋት እና ጓሯችሁ ያለው ሽቦ፦ ትልቅ ፓወር የሚችል አውቶማቲክ ቱነር እንዴት ይመረጣል

ባለፈው ሰሞን ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ልጅ ደወለልኝ። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ካወጣ ሁለት አመት አልሞላውም ግን ቸኩሏል፣ ኤክስትራ የሚባለውን የመጨረሻውን ደረጃ ተፈትኖ አልፎ፣ ከሺ ዋት በላይ የሚተፋ አምፕሊፋየር ገዝቶ፣ አሁን የቀረው አውቶማቲክ ቱነር ብቻ ነው፣ አምፑንና አንቴናውን የሚያስማማው ሳጥን። «ጋሼ፣ የሺ ዋቱን ልግዛ ወይስ የሺ አምስት መቶውን?» አለኝ። «አንቴናህ ምንድን ነው?» አልኩት። «ሽቦ ነው።» ስንት ሜትር? በየትኛው ባንድ ላይ ስንት ኦም ያሳያል? ዝም። ቆየት ብሎ «እሱንማ ቱነሩ ያስተካክለው የለ እንዴ» አለኝ። እና ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው እዚች አባባል ላይ ስለቆምኩ ነው፣ እሱ ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው ቱነር የሚገዛው እንደዚህ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ትልቅ ከሆነ ጥሩ ነው ብሎ፣ ወይ እገሌ ገዝቶታል ተብሎ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ።

ለጀማሪው ትንሽ ወደኋላ ልመለስ፣ የምታውቁት ዝለሉት። ሬዲዮው፣ አምፑ፣ ኮአክስ ኬብሉ፣ ሁሉም የተሰሩት ከፊታቸው 50 ኦም የሚሆን ተቃውሞ (ኢምፒዳንስ) እንዳለ ታስቦ ነው። አንቴና ደሞ እንደዛ ታዛዥ አይደለም፣ 50 ኦም አካባቢ የሚሆነው ጠበብ ባለች ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው፣ ከዛ ወጣ ስትሉ ይለዋወጣል። በተለይ ዝቅተኛ ባንዶች ላይ ነው ችግሩ የሚብሰው። አሜሪካ 80 ሜትር የሚባለው ባንድ ከ3.5 እስከ 4 ሜጋኸርዝ ነው፣ ኢትዮጵያና አውሮፓ ያሉበት ቀጠና ደሞ እስከ 3.8 ድረስ ነው። መሃሉ ላይ፣ 3.75 ላይ እንዲሰራ የተቆረጠ ዳይፖል፣ ማለት ኬብሉ መሃሉ ላይ የሚገናኝ ባለሁለት ክንፍ የሽቦ አንቴና፣ 38 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የባንዱ መሃል ላይ ጸባዩ ጥሩ ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ግን ኤስደብሊውአሩ 4 እና 5 ሊሆን ይችላል። ኤስደብሊውአር ማለት በቃ አለመስማማቱን የምንለካበት ቁጥር ነው፣ 1 ከሆነ ፍጹም ተስማምተዋል፣ 2 ሲሆን ከላካችሁት ሃይል 11 በመቶ ገደማ ከአንቴናው ተመልሶ ይመጣል፣ 3 ሲሆን ሩቡ፣ 10 ሲሆን 67 በመቶው። ተመልሶ መጣ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል፣ ቱነሩ መልሶ ይልከዋል፣ የሚጠፋው እየተመላለሰ ኬብሉና ቱነሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ የሚቀረው ነው።

ቱነር ምን እንደሚሰራ ለመረዳት አባይ በረሃን የሚወጣ አይሱዙ አስቡ። ከታች ከድልድዩ ተነስቶ ወደ ደጀን ሲወጣ ሹፌሩ አንደኛ ማርሽ ያስገባል። ሞተሩ አልጠነከረም፣ ዳገቱም አላነሰም፣ ማርሹ ነው መሃል ገብቶ ሁለቱን ያስማማቸው። ቱነርም ማርሽ ነው። አንቴናችሁን አይቀይረውም፣ አንቴናው እዛው ጓሮ ውስጥ እንደነበረው መጥፎ ነው፣ አምፑ ግን 50 ኦም እያየ ስለሆነ ደስ ብሎት ይሰራል። እና ዳገቱ ሲበዛ ምን ይቃጠላል? ፍሪሲዮን። ቱነርም ላይ እንደዛው ነው፣ ጭነቱና ዳገቱ ሲበዛ መሃል ያለው እቃ ነው የሚሸተው።

ውስጡን ብትከፍቱት አብዛኛው አውቶማቲክ ቱነር ኤል የሚባለው አይነት ሰርኪዩት ነው፣ ኮይል (የተጠመጠመ ሽቦ) እና ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ እቃ) በቃ። ግን ኮይሉ አንድ አይደለም፣ ለምሳሌ ስምንት ኮይሎች አሉ እያንዳንዱ ከፊተኛው እጥፍ የሆነ፣ ስምንት ካፓሲተሮችም እንደዛው፣ እና እያንዳንዳቸውን የሚያስገባና የሚያስወጣ ሪሌይ አላቸው፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማለት ነው። 256 የኮይል አማራጭ በ256 የካፓሲተር አማራጭ፣ ካፓሲተሩን በአምፑ በኩል ወይ በአንቴናው በኩል ማድረግ ስለሚቻል በሁለት ይባዛል፣ 131,072 አማራጭ። ቱነሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር የሚመለሰውን ሃይል እየለካች በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥሩውን ትፈልጋለች፣ ፈንዲሻ ሲፈነዳ የመሰለ ድምጽ የምትሰሙት ሪሌዮቹ ናቸው። አንዴ ያገኘችውን ከፍሪኩዌንሲው ጋር ስለምትመዘግበው በሚቀጥለው ጊዜ እዛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ስትመጡ ወዲያው ጠቅ ብላ ታስገባዋለች። ሌላው አይነት በሞተር የሚሰራው ነው፣ የሚሽከረከር ኮይልና ትልቅ የአየር ካፓሲተር አለው፣ እነሱን ሞተር እያዞረ ነው የሚያስተካክለው። ቀርፋፋ ነው፣ ውድ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ግን ቮልቴጅ ይችላል፣ ደረጃ በደረጃ ሳይሆን እንደልብ ስለሚዞርም ልክ ቦታው ላይ ያቆማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሳጥኑ ላይ 1000 ዋት ይላል። በየትኛው ጭነት ላይ ነው 1000 የሚችለው? ጥያቄው ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

1000 ዋት 50 ኦም ላይ ስትጭኑ የሚፈሰው ከረንት 4.5 አምፔር ገደማ ነው፣ ቮልቴጁም 224 ቮልት፣ ምንም አይደለም፣ ማንኛውም ደህና ሪሌይ ይችለዋል። እዛው 1000 ዋት 5 ኦም ላይ ሲሆን 14 አምፔር ይፈሳል። 500 ኦም ላይ ከሆነ ደሞ ከረንቱ ወደ 1.4 ይወርድና ቮልቴጁ ከ700 ያልፋል። እና ልብ በሉ፣ 5 ኦምም 500 ኦምም ኤስደብሊውአራቸው እኩል 10 ነው! ሜትሩ ላይ አንድ አይነት ቁጥር፣ ቱነሩ ውስጥ ግን አንዱ ሽቦ የሚያግል አንዱ እሳት የሚያዘልል። ስለዚህ «እስከ 10 ለ 1 ያስተካክላል» የሚለውን ብቻ ይዞ ዕቃ መግዛት ግማሽ መረጃ ይዞ መንገድ መጀመር ነው።

ይሄ እንግዲህ ንጹህ ኦም ሲሆን ነው። አጭር አንቴና ግን ንጹህ ኦም የለውም፣ ሪአክታንስ የሚባል ነገር አብሮት አለ፣ ሃይል አይበላም ግን ቮልቴጅ ይከምራል። እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሜሪላንድ ጓሮዬ ውስጥ 10 ሜትር የምትሆን ቀጥ ብላ የቆመች አንቴና ነበረችኝ፣ ስሯ ላይ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አንድ 1000 ዋት የሚል አውቶማቲክ ቱነር አስቀምጬ በ80 ሜትር እሰራባት ነበር። መሬት ላይ አራት ራዲያል፣ ማለት ከአንቴናው ስር ወደ ውጭ የሚዘረጋ የመሬት ሽቦ፣ ብቻ ነው የዘረጋሁት፣ ሰነፍ ነበርኩ። ስለካው 30 ኦም ገደማ፣ ሪአክታንሱ ወደ 500። አንድ አመት ያለምንም ችግር ሰራ። ከዛ አንድ ቅዳሜ ጉልበት መጣልኝና ከሰላሳ በላይ ራዲያል ሳሩ ውስጥ ቀበርኩ፣ ጀርባዬ እስከ ማክሰኞ አልተቃናም። ውጤቱ ግን ግሩም፣ ጭነቱ ከ30 ወደ 10 ኦም ወረደ፣ ማለት ድሮ መሬት ለማሞቅ ይሄድ የነበረው ሃይል አሁን አየር ላይ ይወጣል ማለት ነው፣ ወደ ሶስት እጥፍ ያህል። በሁለተኛው ቀን ማታ አምፑን ከፍቼ ማይኩን ስይዝ ሳጥኑ ውስጥ ጧ አለ፣ ከዛ ቱነሩ ምንም ብለው ምንም አልስማማም አለኝ፣ ስከፍተው አንዱ ሪሌይ ኮንታክቱ ተጣብቆ ፕላስቲኩ ቀልጧል።

ምን ሆነ? ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በ30 ኦም ጊዜ 1000 ዋት 5.8 አምፔር ነው የሚያፈሰው (ዋቱን ለኦሙ አካፍላችሁ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ)፣ በ500 ሲባዛ 2900 ቮልት ይመጣል፣ የሞገዱ ጫፍ ላይ ወደ 4100። በ10 ኦም ጊዜ ግን 10 አምፔር፣ 5000 ቮልት፣ ጫፉ 7000 ቮልት! አንቴናዬን ባሻሻልኩ ቁጥር ቱነሬን እየገደልኩት ነበር። ዋቱ አልተለወጠም፣ ያው ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሺ ዋት ነው። ኩባንያውን አልወቅስም፣ የማኑዋሉ የመጨረሻ ገጾች ላይ ከ3 ለ 1 በላይ ከሆነ ሃይል ቀንሱ የሚል ነገር በትንሽ ፊደል ነበር፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ማኑዋሉን ያነበብኩት ሪሌዩ ከቀለጠ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ላሉት የሚሆን አንድ ነገር አለ፣ ከውጭ የሚመጣ ማኑዋል ላይ ብዙ ጊዜ የማታገኙት። አየር እሳት እንዳይዘልበት የሚከላከለው በጥግግቱ ነው፣ አዲስ አበባ ደሞ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ምናምን ላይ ስለሆነች አየሩ ወደ 20 በመቶ የሳሳ ነው። ስለዚህ እሳቱ በ20 በመቶ ባነሰ ቮልቴጅ ይዘላል። ሃይል ደሞ ከቮልቴጅ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው፣ 0.8 በ0.8 ሲባዛ 0.64፣ እና ቮልቴጅ ወሰኑ የሆነበት 1000 ዋት ቱነር እዛ ሲወጣ 640 ዋት ነው ብላችሁ ብታስቡት አትሳሳቱም። የሳሳ አየር ማቀዝቀዝም ላይ ደካማ ነው። አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማህበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ ማለቴ ነው፣ እንደዛ ያለ ከፍታ ላይ ነው የሚሰራው፣ ተማሪዎቹ ትልቅ ፓወር ሲያስቡ ይሄን ቢያስቡት እላለሁ።

ሌላው ዋቱን የሚያዛባ ነገር የምትሰሩበት ሞድ፣ ማለት የማስተላለፊያ ዘዴ ነው። አብዛኛው ቱነር ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ፒኢፒ ነው፣ ማለት በንግግር ጊዜ ድምጻችሁ ከፍ ሲል የሚደርስበት ጫፍ። ሰው ሲያወራ መሃል መሃሉን ይተነፍሳል፣ ዝቅ ይላል፣ አማካዩ ከጫፉ በጣም ያነሰ ነው፣ ቱነሩም በዛ መሃል ይቀዘቅዛል። ከ2017 ጀምሮ (አመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሁሉን ያጥለቀለቀው ኤፍቲ8 የሚባለው በኮምፒውተር የሚሰራ ሞድ ግን እንደዛ አይደለም፣ በየ15 ሰከንዱ ተራ ውስጥ 12.64 ሰከንድ ያለማቋረጥ ሙሉ ሃይል ነው የሚለቀው። ቱነሩ አስር በመቶ ብቻ ቢያስቀር እንኳን ከ1000 ዋት 100 ዋት ሙቀት ነው፣ የድሮ የመቶ ሻማ አምፖል ጫማ ካርቶን ውስጥ አብርታችሁ ክዳኑን ዝጉት እንደማለት። ስለዚህ ኤፍቲ8 ወይ አርቲቲዋይ (በሬዲዮ የሚላክ ቴሌታይፕ) የምትወዱ ከሆነ ማየት ያለባችሁ የማያቋርጥ ሃይል የሚለውን መስመር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ቁጥር ግማሽ አካባቢ ወይ ከዛ በታች ነው። (በነገራችን ላይ ኤፍቲ8 በሺ ዋት መስራት ለምን እንዳስፈለገ ለኔ እስካሁን አልገባኝም፣ ሞዱ የተሰራው ለደካማ ሲግናል ነው፣ ግን ይሁን።)

ስለዚህ ስፔሲፊኬሽን ስታነቡ ወደታች ውረዱ። ዝቅተኛው ኦም ስንት ነው? ለምሳሌ ኤምኤፍጄ-998 የሚባለው ቱነር ከ12 እስከ 1600 ኦም ነው የሚለው፣ የኔ የተሻሻለችው አንቴና 10 ኦሟን ይዛ በሩ ላይ ትቀር ነበር ማለት ነው፣ ሪአክታንሱን ገና ሳንቆጥር። በ3 ለ 1 ስንት ዋት፣ በ10 ለ 1 ስንት ዋት ብሎ ለያይቶ የሚጽፍ ኩባንያ ካገኛችሁ እመኑት፣ ቢያንስ ነገሩን አውቆታል። አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ ጽፎ ዝም ያለውን ተጠራጠሩ። 160 ሜትር ላይ የምትሰሩ ከሆነ ደሞ ለብቻው ጠይቁ፣ እዛ ባንድ ላይ ትልቅ ኮይል ስለሚያስፈልግና አንቴናችን ሁሌም አጭር ስለሆነ የቱነር እውነተኛ ጸባይ የሚወጣው እዛ ነው።

ቀጥሎ ቱነሩን የት ነው የምታስቀምጡት የሚለው አለ፣ ይሄ ከቱነሩ ምርጫ እኩል ነው ባይ ነኝ። ጠረጴዛ ላይ አምፑ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ያለመስማማቱ ከቱነሩ ወዲያ ኬብሉ ውስጥ ይቀጥላል። ጥሩ ኬብል፣ ዝቅተኛ ባንድ ከሆነ ችግር የለውም፣ 30 ሜትር የሚሆን አርጂ-213 የሚባለው ወፍራም ኮአክስ በ3.5 ሜጋኸርዝ ኤስደብሊውአር 5 ላይ ቢሰራ የሚጠፋው ከ20 በመቶ በታች ነው፣ እሺ ይሁን ይባላል። ቀጭኑን አርጂ-58 በዛው ርዝመት በ28 ሜጋኸርዝ፣ አንቴናው ላይ ኤስደብሊውአር 10 እያለ ብትጠቀሙ ግን ከአራት እጁ ሶስቱ ኬብሉ ውስጥ ይቀራል፣ 1000 ልካችሁ 240 ገደማ ነው የሚደርሰው፣ ያ ኬብል እንዲህ ያለ ሃይል መሸከሙ ራሱ ሌላ ጣጣ ሆኖ ማለት ነው። በጣም የሚገርመው ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ሜትር ምን እንደሚላችሁ ነው፣ 2.7! ኬብሉ የሚመለሰውንም ስለሚበላው ሜትሩ ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል። ስለዚህ የሆነ ሰው አንቴናዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥሩ ኤስደብሊውአር ነው ሲላችሁ ኬብሉን ጠይቁት።

ሌላው አማራጭ እኔ እንዳደረግኩት አንቴናው ስር ማስቀመጥ ነው፣ ኬብሉ 50 ኦም እያየ ስለሚሰራ ኪሳራው ትንሽ ነው፣ ረጅም ሽቦ ወይ አጭር ቨርቲካል (ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና) ላለው ሰው ይሄ ነው ትክክለኛው። ግን ዝናብ አለ፣ ጉንዳን አለ (ሳቁ፣ ሪሌይ ውስጥ ገብቶ ያውቃል)፣ መብረቅ አለ፣ ኤሌክትሪኩን ወይ በተለየ ሽቦ ወይ በራሱ በኮአክሱ መላክ አለባችሁ። ለውጭ ተብሎ የተሰራ ካልሆነ የጠረጴዛውን ሞዴል በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ውጭ አታውጡት፣ ሙቀት መውጫ ያጣል። መሰላል የሚመስለውን ባለሁለት ሽቦ የምትጠቀሙ ደሞ ባሉኑ፣ ማለት ባለሁለቱን ሽቦ ከቱነሩ መውጫ ጋር የሚያገናኘው እቃ፣ ከቱነሩ በኋላ ስለሚገባ ያንኑ ሁሉ ቮልቴጅ ነው የሚያየው፣ በነጻ ተጨምሮ የመጣ ትንሽ ባሉን ሺ ዋት ላይ ትኩስ ድንች ይሆናል፣ ለሱ የተለየ ገንዘብ መድቡ።

አሁን አምፑ። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ኤልዲሞስ በሚባል ትራንዚስተር የሚሰሩ ናቸው፣ ለነሱ ኤስደብሊውአር ከ2 ካለፈ ወይ ሃይል ይቀንሳሉ ወይ ቀጥ ይላሉ፣ ራሳቸውን ሲያድኑ ነው። የድሮዎቹ በቲዩብ የሚሰሩት ግን በእጅ የሚዞር የራሳቸው ማስማሚያ ስላላቸው እስከ 2፣ አንዳንዴም እስከ 3 ድረስ ያለውን ራሳቸው ይችሉታል። እና ቲዩብ አምፕ ኖሯችሁ አንቴናችሁ ከ2 የማያልፍ ከሆነ ቱነር ጨርሶ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ ይሄን ሻጭ አይነግራችሁም። አንዳንድ ዘመናዊ አምፖች ደሞ ቱነሩን ውስጣቸው ይዘው ነው የሚመጡት፣ የኤሌክራፍት ኬፒኤ1500ን መጥቀስ ይቻላል፣ አምፑን ገና ካልገዛችሁ ሁለቱን ደምራችሁ አወዳድሩ።

ልጁ የሰራትን ስህተትም ልናገር፣ እኔም በጊዜው ሰርቻታለሁ። «ሬዲዮዬ ውስጥ ቱነር አለኝ እኮ፣ እሱ አይበቃም?» አለኝ። አይበቃም፣ ምክንያቱም እሱ ያለው ከአምፑ በፊት ነው። ሬዲዮውን ከአምፑ መግቢያ ጋር ነው የሚያስማማው፣ ከአምፑ በኋላ ያለውን አንቴና አያየውም። እንደውም አጥፉት፣ አምፕ ስትጠቀሙ ሳያስፈልግ በርቶ ሲቆይ ነገሩን ያደናግራል። ትልቁ ቱነር የሚገባው ከአምፑ በኋላ ነው፣ ለዛ ነው ትልቅ የሆነውም።

እና ሪሌይ በሙሉ ሃይል ላይ እያለ ቦታ መቀየር የለበትም፣ በጭራሽ። ኮንታክቱ ሲከፈት 1000 ዋት እየፈሰሰ ከሆነ እሳቱ እዛው ላይ ይበይደዋል። አካሄዱ እንዲህ ነው፣ አምፑን ስታንድባይ አድርጉ፣ ሬዲዮውን 10 ወይ 20 ዋት ላይ አውርዱ፣ ቱነሩ ፈንዲሻውን ያፈንዳ፣ ይጨርስ፣ ማስተላለፉን አቁሙ፣ ከዛ አምፑን አስገቡ። ይሄን ሰው ይረሳዋል፣ በተለይ ከሌሊቱ ስምንት ሰአት ላይ ብርቅ ጣቢያ ሲሰማ። ስለዚህ ጥሩ ቱነር የምትሉት አምፑን የሚያዝበት መስመር ያለው ነው፣ ከሬዲዮ ወደ አምፕ የሚሄደው የማስተላለፊያ ትዕዛዝ በቱነሩ ውስጥ ያልፋል፣ ቱነሩ እየፈለገ እያለ ወይ ኤስደብሊውአሩ በድንገት ከተበላሸ መስመሩን ይቆርጠዋል፣ አምፑ አይነሳም። የኤሌክራፍቱ ኬኤቲ500 እንዲህ ያለ ነገር አለው። ለኔ ይሄ ባህሪ ከ500 ዋት ተጨማሪ ቁጥር ይበልጣል።

ገበያውን ባጭሩ። የኛው የሜሪላንዱ ኤልዲጂ የሰራው ኤቲ-1000 ፕሮ 2 አለ፣ በሪሌይ፣ ፈጣን፣ በንግግር 1000 ዋት፣ ደህና ዳይፖል ላለው ሰው ጥሩ ነው። የኦሃዮው ፓልስታር ኤችኤፍ-አውቶ በሞተር የሚሰራው ነው፣ 1800 ዋት ይላል፣ ከባድና ውድ ነው ግን አስቸጋሪ ጭነት ላይ የማምነው እንደሱ ያለውን ነው። ኤምኤፍጄ-998 ያገለገለ ዕቃ ላይ ብዙ ታገኙታላችሁ፣ ዋጋውም ይጥማል፣ ግን ሚሲሲፒ የነበረው ኩባንያ በ2024 እዛ የነበረውን ምርት አቁሟል፣ ስለዚህ ሪሌይ ራሱ መቀየር የሚችል ሰው ይግዛው። በጠቅላላው ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ 2000 ዶላር አካባቢ ነው የምታወጡት፣ ወደ ኢትዮጵያ ይዛችሁ የምትገቡ ደሞ ከመጫናችሁ በፊት ፈቃዱን ጨርሱ፣ ትልቅ ብረት ሳጥን ብዙ የአንቴና መሰኪያ ያለው ነገር ኤርፖርት ላይ ለማስረዳት አይመችም።

ስንት ዋት ነው ግን በእርግጥ የሚያስፈልጋችሁ? ህጉ አሜሪካ እስከ 1500 ዋት ይፈቅዳል በአብዛኛው ባንድ፣ 30 ሜትር ላይ ግን 200 ብቻ ነው። ጀርመን ያላችሁ ጣሪያችሁ 750 ነው፣ እንግሊዝ ደሞ ከ2024 ጀምሮ ሙሉ ፈቃድ ላለው 1000 ሆኗል፣ በፊት 400 ነበር። ከ1000 ወደ 1500 መሄድ 1.76 ዲሲቤል ነው፣ የሚሰማችሁ ሰው ሜትር ላይ አንድ ኤስ፣ ማለት አንድ የሲግናል ጥንካሬ ደረጃ፣ 6 ዲሲቤል ስለሆነ የአንዱን ሲሶ እንኳን አይሞላም። መርፌው መንቀሳቀሱን ራሱ ካልነገራችሁት አያየውም። ስለዚህ ሺ አምስት መቶ የሚለውን ቱነር ግዙና በሰባት መቶ፣ በስምንት መቶ ዋት ስሩበት፣ ወይ አምፑን ቀንሱ፣ ልዩነቱን የሚያስተውል ጥቂት ነው፣ ሪሌዮቻችሁ ግን ያመሰግኗችኋል። ደሞ አሜሪካ ያላችሁ፣ ከ2021 ጀምሮ በወጣው ህግ ሞገዱ ለሰው የሚደርስበትን መጠን ማስላት የናንተ ግዴታ ነው፣ በሺ ዋት ደሞ ቀልድ አይደለም፣ ልጆች የሚጫወቱበት ጓሮ ውስጥ 7000 ቮልት ያለው ሽቦ እጅ በሚደርስበት ቦታ እንዳትተዉ።

እና ይሄን ሁሉ ለማወቅ ሃምሳ ስልሳ ዶላር አካባቢ የምትሸጠውን ናኖቪኤንኤ የምትባለዋን ትንሽ መለኪያ ግዙ፣ ከቱነሩ በፊት። መጀመሪያ ጫፏን ክፍት ትታችሁ፣ ቀጥሎ አገናኝታችሁ (ሾርት አድርጋችሁ)፣ ከዛ 50 ኦም ሰክታችሁ ታስተካክሏታላችሁ፣ ከተቻለ ኬብሉ አንቴናው ላይ የሚያያዝበት ቦታ ድረስ ወጥታችሁ ትለካላችሁ፣ ካልተቻለ ኬብሉን ጭምር አስገብታችሁ ታስተካክሏታላችሁ። በየባንዱ ኦሙንና ሪአክታንሱን ጻፉ፣ ከላይ እንደሰራሁት አስሉት፣ አምፔርና ቮልቱ ይወጣል። ከዛ የቱነሩን ስፔሲፊኬሽን አጠገቡ አስቀምጡት።

ልጁም ገዛት፣ መለካት ጀመረ፣ እሁድ ለታ ደወለ። ያ «ሽቦ ነው» ያለው 20 ሜትር ርዝመት ያለው ዳይፖል ኖሯል፣ 40 ሜትር ባንድ ላይ 1.4፣ ምንም ቱነር አይፈልግም፣ 80 ላይ ግን ቁጥሩን ሲነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን፣ እዛ ላይ ሺ ዋት ጭኖ ቢሆን ኖሮ የኔን ሪሌይ ታሪክ በትልቁ ይደግመው ነበር። «ታዲያ ጋሼ የትኛውን ልግዛ?» ሲለኝ ሽቦ ግዛ አልኩት። እዛው መሃል ላይ፣ ከአርባው ሽቦ ስር፣ በየጎኑ 19 ሜትር የሚሆን ሌላ ሽቦ ያስርና በአንድ ኬብል ሁለቱም ይሰራሉ፣ ለ80ው ጫፍና ጫፍ የሚሆን ቀላል ቱነር በኋላ ይበቃዋል። ችግሩ 19 ሜትሩ ከግቢው አልፎ ጎረቤት ዛፍ ላይ መታሰር አለበት፣ ሚስቱ ጎረቤቷን ቡና ጠርታ ልታስፈቅድለት ነው፣ እስካሁን ሁለተኛው ላይ ናቸው፣ በረካው ላይ ታነሳባታለች ብሏል።